ርካሽም አስተማማኝም፦ በመጀመሪያው የግል ኮምፒውተር ዘመን የሃርድ ዲስክ ገዢ ምን ሊያውቅ ይችል ነበር?

በ1980ዎቹ ለግል ኮምፒውተሩ ሃርድ ዲስክ ሊገዛ የተነሣ አሜሪካዊ ሁለት ጥያቄ ነበረበት፤ ስንት ያወጣል? ስንት ዘመን ያገለግላል? የመጀመሪያው መልስ አያጣም፤ የኮምፒውተር መጽሔቶች ገጽ በገጽ የዋጋ ማስታወቂያ ነበሩ። ለሁለተኛው ግን ሻጩም፣ አምራቹም፣ ብዙ ጊዜ መሐንዲሱ ራሱም የተጨበጠ መልስ አልነበራቸውም። አንድ ሞዴል አምስት ዓመት መቆየት አለመቆየቱ የሚታወቀው ከአምስት ዓመት በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ሞዴሉ ከገበያ ወጥቷል፤ አንዳንዴም አምራቹ ከስሮ ተዘግቷል። (በዚህ ዳሰሳ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ለሁለተኛው ጥያቄ በዘመኑ ሦስት ዓይነት ምክር ይሰጥ ነበር። አንዱ ወገን የታወቀ ስም ግዙ ይላል። ሌላው ስሙን ትታችሁ የውስጥ አሠራሩን እዩ ይላል። ሦስተኛው ደግሞ መበላሸት ለማንኛውም ዲስክ አይቀርለትም፣ ርካሹን ገዝታችሁ የተረፈውን ገንዘብ ለመጠባበቂያ ቅጂ አውሉት ባይ ነው። ሦስቱም የየራሳቸው ማስረጃ አላቸው። እኔ ለሦስተኛው አደላለሁ፤ የማደላበት ምክንያት ግን ደጋፊዎቹ ከሰጡት ይለያል። በዚያ ዘመን የመረጃው ዕድሜ በዲስኩ፣ በኮንትሮለር ካርዱ፣ በኃይል አቅርቦቱ፣ በፎርማቱና ማሽኑን በሚያጠፋው እጅ ላይ ተከፋፍሎ ነበር። ዲስክ የገዛ ሰው ከአምስቱ አንዱን ብቻ ነው የገዛው። ስለዚህ ውድ ዲስክ ከርካሽ ዲስክ ይሻላል ወይ የሚለው ክርክር አብዛኛውን ጊዜ በተሳሳተ ዕቃ ላይ የተደረገ ክርክር ነበር።

ከኪራይ ወደ ግዢ

የሃርድ ዲስክ ታሪክ በ1956 ይጀምራል። የአይቢኤም ራማክ 350 ዲያሜትራቸው 24 ኢንች የሆነ 50 ሳህኖችን ደርድሮ አምስት ሚሊዮን ያህል ፊደላትን ይይዝ ነበር። ድርጅቶች ይህን ዲስክ ከነሙሉ ሥርዓቱ በወር 3,200 ዶላር ይከራዩት ነበር። ኪራዩ በታሪክ መጻሕፍት ውስጥ እንደ ትንሽ ዝርዝር የሚታለፍ ነው፤ ለተነሣንበት ጥያቄ ግን ቁልፉ እሱ ነው። ማሽኑ ሲቆም የሚጠራው የአይቢኤም ቴክኒሻን ነው፤ መለዋወጫውም፣ ጥገናውም የኩባንያው ዕዳ ነው። ተከራዩ የሚከፍለው ለሚሠራ ዲስክ ነበር። የግል ኮምፒውተር ዘመን ዲስኩን ከባለሙያው ለየው፤ ገዢው ብረቱን ወሰደ፣ ቴክኒሻኑ ግን አብሮት አልሄደም።

ይህ መለያየት እንዲቻል ያደረገው በ1973 የወጣውና ዊንቸስተር በሚል ቅጽል ስም የሚታወቀው የአይቢኤም 3340 ነው። ሳህኖቹንና ማንበቢያ ራሶቹን አንድ ላይ ካሸገ በኋላ አቧራ የማይገባበት ልዩ ክፍል የሌለው ሰውም ሃርድ ዲስክ ማኖር የሚችልበት መንገድ ተከፈተ። አለን ሹጋርትና ፊኒስ ኮነር በ1979 ከሌሎች ጋር ያቋቋሙት፣ በኋላ ሲጌት የተባለው ኩባንያ በ1980 ያወጣው ኤስቲ-506 ይህንኑ አሠራር በፍሎፒ ማጫወቻ ቦታ ሊገባ በሚችል ባለ 5.25 ኢንች አካል አቀረበ። አቅሙ 5 ሜጋባይት፣ ዋጋው 1,500 ዶላር ገደማ ነበር፤ ለአንድ ሜጋባይት 300 ዶላር መሆኑ ነው።

አፕል በ1981 ለአፕል ሦስት ያቀረበው ፕሮፋይል የተባለው ዲስክ ውስጡ ይኸው የሲጌት ማሽን ነበር። ኤሌክትሮኒክሱ፣ የኃይል አቅርቦቱና ሣጥኑ የአፕል ናቸው። ዋጋው 3,499 ዶላር። ያው 5 ሜጋባይት፣ ያው ሞተር፣ ያው ሳህን፣ ዋጋው ግን ከእጥፍ በላይ። ከልዩነቱ ከፊሉ የችርቻሮ ትርፍ እንደሆነ አይካድም፤ ለአምራቾች የሚሸጥ ባዶ ዲስክና ለተጠቃሚ የሚሸጥ የተሟላ ዕቃ ዋጋቸው እኩል ሊሆን አይችልም። ቢሆንም ባዶው ዲስክ ለብቻው ምንም እንደማይሠራና የሚሠራ ማከማቻ ለማግኘት የሚያስፈልገው ቀሪ ነገር ከዲስኩ የሚበልጥ ዋጋ ሊያወጣ እንደሚችል ከዚህ በላይ የሚያሳይ ምሳሌ አላውቅም።

በአይቢኤም ፒሲ በኩል ደግሞ ችግሩ በዋጋ ብቻ አላበቃም። በ1981 የወጣው የመጀመሪያው ፒሲ ያለ ሃርድ ዲስክ የታሰበ ማሽን ነው። የኃይል አቅርቦቱ 63.5 ዋት ብቻ ስለነበር ሙሉ ቁመት ያለውን ዲስክ አስነሥቶ ማሽከርከር ይከብደዋል። ከጥቅምት 1982 በፊት የተሠራው ባዮስ፣ ማለትም ማሽኑ ሲበራ ቀድሞ የሚነሣው በቺፕ ላይ ያለ ፕሮግራም፣ ደግሞ በካርድ ላይ የተቀመጠ ተጨማሪ ፕሮግራም መኖሩን አያይም፤ ስለዚህ ባለቤቱ ዲስክ ከመግጠሙ በፊት ቺፑን ማስለወጥ ነበረበት። በመጋቢት 1983 በ4,995 ዶላር የወጣው ፒሲ ኤክስቲ ግን 10 ሜጋባይት ዲስክ፣ ኮንትሮለር፣ 130 ዋት የኃይል አቅርቦትና ሃርድ ዲስክን የሚያውቀውን ዶስ 2.0 አዋሕዶ በአንድ ዋስትና አቀረበ። ከራማክ ኪራይ ወዲህ ለአንድ ተጠቃሚ የሚሠራ ዲስክ ለመሸጥ የተደረገ ትልቁ ሙከራ ይህ ነበር ማለት ይቻላል።

ስም የሚገዙት

የመጀመሪያው ወገን ዋና ማስረጃ ይኸው ኤክስቲ ነው። አይቢኤም የሺዎች ዲስክ ገዢ ነው፤ የፍተሻ ክፍል አለው፤ አንድ ግለሰብ ሊያደርገው የማይችለውን ምርመራ አድርጎ መርጧል። እንግዲህ እሱ የገዛውን መግዛት ነው። ክርክሩ በአንድ ዓመት ተኩል ውስጥ ክፉኛ ተፈተነ። በነሐሴ 1984 የወጣው ፒሲ ኤቲ ባለ 20 ሜጋባይት ዲስኩን የወሰደው ኮምፒውተር ሜሞሪስ ከተባለ የካሊፎርኒያ አምራች ነበር፤ ያ ዲስክ በብዛት በመበላሸት ስሙ የጠፋ ሆነ። አይቢኤም ግዢውን በ1985 አቆመ፤ በአንድ ትልቅ ደንበኛ ላይ የተንጠለጠለው አምራችም ብዙ ሳይቆይ ከዲስክ ሥራ ወጣ። በዓለም ላይ የተሻለ መረጃ ያለው ገዢ እንዲህ ከተሳሳተ መጽሔት እያገላበጠ የሚመርጥ ግለሰብ በስም ሊተማመን የሚችለው እስከ የት ነው?

ስም የሚገዙት መልስ አላቸው፤ መልሳቸውም ቀላል አይደለም። አይቢኤም ዲስኩን በመምረጥ ተሳስቷል፣ ዋስትናውን ግን አላጠፈም፤ በዋስትና ጊዜ ውስጥ የተበላሸበት ሰው ሌላ ዲስክ ያገኛል ይላሉ። እውነት ነው። ግን ይህ መልስ አቋሙን ሳይታወቀው ቀይሮታል። ስም መጀመሪያ የተሸጠው የማይበላሽ ዲስክ እንደሚያስገኝ ተደርጎ ነበር፤ አሁን የሚያስገኘው የተበላሸ ዲስክ ምትክ ሆነ። ምትኩ ባዶ ነው፤ የሁለት ዓመት ደብዳቤና ሒሳብ አይመልስም። የዲስኩን ዕድሜና የመረጃውን ዕድሜ መለየት ያቃታቸው ብዙ ምክሮች የተሰናከሉት እዚህ ላይ ነው።

ስም ላይ መተማመንን ያዳከመው ሌላው ነገር የገበያው ግርግር ነው። የሃርቫርድ ቢዝነስ ስኩል መምህራን የነበሩት ዊሊያም ሳልማንና ሃዋርድ ስቲቨንሰን እንደጻፉት ከ1977 እስከ 1984 ባለሀብቶች በ43 የዊንቸስተር ዲስክ አምራቾች ላይ 400 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አፍስሰዋል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው አብዛኞቹ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ጠፍተዋል። የኮሎራዶው ሚኒስክራይብ ታሪክ ከሁሉም ይብሳል። በ1987 የጎደለውን የዕቃ ክምችት ለመሸፈን ጡብ በሣጥን እያሸገ እንደ ዲስክ አስመዝግቦ እስከመላክ ደረሰ፤ በጥር 1990 ኪሳራ አወጀ፣ ማክስቶር ገዛው። ይህ ታሪክ ሲነሣ ብዙ ሰው የሚደርስበት ድምዳሜ የሚኒስክራይብ ዲስኮች መጥፎ ነበሩ የሚል ነው። አይከተልም። ማጭበርበሩ የሒሳብ መዝገብ ማጭበርበር ነው፤ በሱቅ የተሸጡት ዲስኮች እውነተኛ ዲስኮች ነበሩ፣ ከነሱም ደህና ያገለገሉ ነበሩ። ጉዳቱ በሌላ በኩል ነው የመጣው፦ የአንድ ዓመት ዋስትና ከሰጪው ኩባንያ የሚረዝም ዕድሜ የለውም።

ሞተሩን የሚያዩት

ሁለተኛው ወገን በጥገና ባለሙያዎች ዘንድ የበረታ ነበር። በ1988 መታተም የጀመረውና የኮምፒውተር ጠጋኞች መመሪያ የሆነው የስኮት ሙለር መጽሐፍ ይህን አቋም በሰፊው ካስተማሩት አንዱ ነው። ልዩነቱ ማንበቢያ ራሶቹን የሚያንቀሳቅሰው ሞተር ላይ ነው። ርካሾቹ ዲስኮች እርምጃ እየቆጠረ የሚሄድ ስቴፐር ሞተር ይጠቀማሉ። ለምሳሌ 300ኛው ትራክ ላይ ሂድ ሲባል 300 እርምጃ ይቆጥራል እንጂ የደረሰበት ቦታ ትክክለኛ መሆኑን አያጣራም። ማሽኑ ሲሞቅ ብረቱ ይለጠጣል፣ ከጊዜ ጋር መካኒኩ ይላላል፤ ጠዋት በብርድ የተጻፈው ከሰዓት በሙቀት ሲነበብ ራሱ ከመሥመሩ ፈቀቅ ብሎ ይገኛል። ውዶቹ ግን በድምፅ ማጉያ ውስጥ እንዳለው ዓይነት መጠምጠሚያ፣ ማለትም ቮይስ ኮይል፣ ይጠቀሙና በሳህኑ ላይ ከተጻፈ ምልክት ቦታቸውን እያነበቡ ያስተካክላሉ። ከዚህም በላይ ቮይስ ኮይል ያላቸው አብዛኞቹ መብራት ሲጠፋ ራሶቹን በራሳቸው ጊዜ መረጃ ወደሌለበት ቦታ ይወስዳሉ። ስቴፐሮቹ ራሶቹን የሚያሳርፉት ተጠቃሚው ከማጥፋቱ በፊት የማሳረፊያ ትእዛዝ ሲሰጥ ነው። መብራት ሳይታሰብ በሚጠፋበት አገር ትእዛዙን የሚሰጥበት ፋታ የለም፤ ራሶቹ የሚያርፉት ፋይሉ ላይ ነው።

ስለ አገር ከተነሣ፣ ማንበቢያ ራስ በሳህኑ ላይ የሚንሳፈፈው በቀጭን የአየር ሽፋን ነው፤ አየሩ ሲሳሳ ራሱ ዝቅ ይላል። የዘመኑ የዲስክ መግለጫዎች ስለዚህ የከፍታ ገደብ ይጽፉ ነበር፤ የተለመደው 10,000 ጫማ፣ ወደ 3,050 ሜትር ነው። 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው አዲስ አበባ ከገደቡ በታች ናት፤ እንጦጦ ጫፍ ላይ ግን ያው ዲስክ ከተፈቀደለት በላይ ወጥቷል። በባሕር ጠለል አጠገብ ላለ የካሊፎርኒያ ገዢ ይህ መሥመር የሚያነበው አልነበረም።

የሁለተኛው ወገን ጥንካሬ ማስረጃው ከግዢ በፊት የሚገኝ መሆኑ ነው። ሞዴሉ ምን ዓይነት ሞተር እንዳለው፣ ራሱን ያሳርፍ እንደሆነ ከመግለጫው ይነበባል፤ አምስት ዓመት መጠበቅ አያስፈልግም። ከስም የተሻለ ምልክት መሆኑን እቀበላለሁ። ሆኖም በዚህ አቋም ላይ የሚነሣ አንድ ግትር ተቃውሞ አለ፤ የሲጌት ኤስቲ-225። ግማሽ ቁመት፣ 20 ሜጋባይት፣ ስቴፐር ሞተር፣ አማካይ መፈለጊያ ጊዜው 65 ሚሊሰከንድ የሆነ ዘገምተኛ ዲስክ ነው፤ በጽንሰ ሐሳቡ መሠረት መጥፎ መሆን ነበረበት። ግን በብዛት የተሸጠና በጠንካራነቱ የተወደሰ ሆነ። ያው ዲስክ ደግሞ በሌሎች ሰዎች አፍ መረጃ በላተኛ ይባላል። ሁለቱም ምስክሮች ሊዋሹ አይችሉም። የሚያስታርቃቸው በዲስኩ ውስጥ ያለ ነገር አይደለም፤ ከጎኑ የተሰካው ካርድ ነው።

ካርዱ፣ ኬብሉ፣ ተለጣፊው ወረቀት

በዚያ ዘመን ደንብ ዲስኩ መረጃ አያውቅም ነበር ማለት ይቻላል። የሚያውቀው ምት ብቻ ነው። ምቱን ወደ መረጃ የሚተረጉመው ኮምፒውተሩ ውስጥ የተሰካው ኮንትሮለር ካርድ ነው። ኤምኤፍኤም በሚባለው አጻጻፍ አንድ ትራክ 17 ሴክተር ይይዛል፤ አርኤልኤል በሚባለው 26። ሒሳቡን ማስላት ቀላል ነው፤ ኤስቲ-225 ባለ 615 ሲሊንደርና ባለ 4 ራስ ነው፤ እያንዳንዱ ሴክተር 512 ባይት ነው። በ17 ሴክተር 21.4 ሚሊዮን ባይት ይሆናል፣ በ26 ደግሞ 32.7 ሚሊዮን። ካርድ በመለወጥ ብቻ ግማሽ ያህል ተጨማሪ አቅም ይገኛል። ሲጌት ለዚህ አጻጻፍ የተፈተነውን ኤስቲ-238አር ብሎ ለይቶ ይሸጥ ነበር፤ ብዙ ሻጭና ገዢ ግን ልዩነቱን ለማትረፍ ያልተፈተነውን 225 ከአርኤልኤል ካርድ ጋር ያጋባ ነበር። ለጥቂት ወራት ይሠራል። ከዚያ ፋይሎች አንድ በአንድ መነበብ ያቆማሉ፤ ወቀሳውም በዲስኩ ላይ ያርፋል።

ገጠማው ራሱ ሌላ ፈተና ነበር። አዲሱ ዲስክ ጀርባ ላይ ከፋብሪካ የወጣ ወረቀት ተለጥፏል፤ በላዩ በሲሊንደርና በራስ ቁጥር ተለይተው ፋብሪካው ያገኛቸው ጉድለት ያለባቸው ቦታዎች ተዘርዝረዋል፤ አዲስ ዲስክ ከነጉድለቱ መሸጡ የታወቀና የተፈቀደ ነገር ነበር። ገጣሚው ዶስ ውስጥ ዲበግ የተባለውን ፕሮግራም ከፍቶ፣ ብዙውን ጊዜ ሲ800፡5 ከሚለው አድራሻ የካርዱን ፎርማት ማድረጊያ ያስነሣል፤ ከዚያ የወረቀቱን ቁጥሮች አንድ በአንድ በእጁ ያስገባል። ሣጥኑ ከተዘጋ በኋላ ወረቀቱ ስለማይታይ አስቀድሞ መገልበጥ አለበት። ቁጥሮቹን የዘለለ ገጣሚ ፋብሪካው አትጻፉበት ባለው ቦታ ላይ የደንበኛውን ሒሳብ ሊጽፍ ይችላል። እንዲህ የተገጠመ ዲስክ በስድስት ወር ቢሳሳት ጥፋቱ የማን ነው? የዘመኑ ቅሬታዎች ይህን ለይተው አይነግሩንም፤ ስለዚህ በነሱ ላይ ተመሥርቶ አንዱን ሞዴል ከሌላው ማስበለጥ አያስኬድም። ካርዱ ራሱ ሲቃጠል ደግሞ ዲስኩ ጤነኛ ሆኖ ሳለ መረጃው ሊጠፋ ይችላል፤ የአንዱ አምራች ካርድ የጻፈውን የሌላው ብዙ ጊዜ አያነበውምና።

ይህን ያዩ አምራቾች ዲስኩንና ካርዱን አንድ ለማድረግ ሞክረዋል። የኳንተም ቅርንጫፍ የነበረው ፕላስ ዴቨሎፕመንት በ1985 በ1,095 ዶላር ያወጣው ሃርድካርድ 10 ሜጋባይት ዲስክንና ኮንትሮለርን በአንድ ካርድ ላይ አድርጎ ሸጠ፤ ገዢው ማስገቢያው ላይ ይሰካዋል፣ አለቀ። በዚያ ጊዜ ርካሽ አይባልም፤ ባዶ ዲስክና ካርድ ለየብቻ ገዝቶ መግጠም ያነሰ ያስወጣል። ትርፉ የተከፈለው ጋብቻው በፋብሪካ ተፈትኖ ስለወጣ ነው። ከ1986 ጀምሮ ኮምፓክና ዌስተርን ዲጂታል ያስፋፉት አይዲኢ ኮንትሮለሩን ዲስኩ ላይ ሲያሳርፍ ደግሞ ይህ ችግር በሂደት ከገበያው ጠፋ። ከአይዲኢ በኋላ የአንድ ዲስክ አስተማማኝነት ብሎ መናገር ትርጉም ያለው ነገር ሆነ፤ ከዚያ በፊት ግን በአብዛኛው አልነበረም።

ቅጂ የሚይዙት

ሦስተኛው አቋም ምሁራዊ ድጋፉን ያገኘው በ1988 ከበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ነው። ዴቪድ ፓተርሰን፣ ጋርዝ ጊብሰንና ራንዲ ካትዝ የትልልቅ ማሽኖችን ዲስክ ከግል ኮምፒውተር ዲስክ ጋር አወዳደሩ። የአይቢኤም 3380 በሜጋባይት ከ10 እስከ 18 ዶላር ሲያወጣ ኮነር የተባለው አምራች ባለ 100 ሜጋባይት ሲፒ3100 ከ7 እስከ 10 ዶላር ያወጣል፤ በመግለጫቸው ላይ የተጻፈው እስከ ብልሽት ያለ አማካይ ጊዜ ግን ለሁለቱም 30,000 ሰዓት ነው። በተግባር የታየውን ዕድሜ በሚያሳየው መሥመር ላይ ለአይቢኤሙ 100,000 ሰዓት ሲጻፍ ለኮነሩ የገባው የጥያቄ ምልክት ነው። ከጠቅላላው ጽሑፍ እኔን የሚይዘኝ ያ ምልክት ነው፤ የዘርፉ ሊቃውንትም ስለ ርካሹ ዲስክ ከማስታወቂያው የበለጠ አያውቁም ነበር። ሐሳባቸውንም ባለማወቁ ላይ ገነቡት። እንዲህ ያሉ 100 ዲስኮች አንድ ላይ ቢሠሩ ከመካከላቸው አንዱ በአማካይ በ300 ሰዓት ውስጥ፣ ማለትም ከሁለት ሳምንት ባነሰ ጊዜ፣ ይበላሻል፤ ስለዚህ መፍትሔው የማይበላሽ ዲስክ ማግኘት ሳይሆን የአንዱን ብልሽት ሌሎቹ እንዲሸከሙት ማደራጀት ነው።

ለቤትና ለትንሽ ቢሮ ተጠቃሚ ይህ ቅጂ መያዝ ማለት ነው፤ ጠንካራው ተቃውሞም የሚመጣው ከዚያው ነው። ባለ 20 ሜጋባይት ዲስክ ሙሉውን ወደ 360 ኪሎባይት ፍሎፒ ለመቅዳት ወደ 59 ፍሎፒ ያስፈልጋል። አንድ ሰው ተቀምጦ 59 ጊዜ አውጥቶ ያስገባል፤ 41ኛው ላይ ስሕተት ከታየ ብዙ ጊዜ እንደገና ይጀመራል። ማንም አዘውትሮ የማያደርገውን ነገር መምከር ምክር አይደለም ይላሉ ተቃዋሚዎቹ። ስለ ሰው ጠባይ የተናገሩት ትክክል ነው። ስለ ወጪው ግን ትክክል አይመስለኝም፤ መቀዳት ያለበት ፕሮግራሙ ሳይሆን ሥራው ነውና። ፕሮግራሞቹ በመጡበት ፍሎፒ ላይ አሉ፤ የአንድ ቢሮ የሳምንት ደብዳቤና ሒሳብ በሁለት ሦስት ፍሎፒ ይገባል። በ1980ዎቹ መጨረሻ ደግሞ በፍሎፒ ኮንትሮለር ላይ የሚሰኩ ርካሽ የቴፕ መቅጃዎች መጡ። በውድና በርካሽ ዲስክ መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት ቴፕ መቅጃ ለመግዛት በሚቀርብበት ጊዜ ሁለት ዲስክ እያወዳደሩ መጨነቅ ገንዘብን ቦታው ላይ አለማዋል ነበር።

የሰዓቱ ቁጥር

ገዢዎችን ከሁሉ ይልቅ ያሳሳተ አንድ መለኪያ አለ፤ በብልሽቶች መካከል ያለ አማካይ ጊዜ። የኤስቲ-506 መግለጫ 11,000 ሰዓት ይላል። በሳምንት አምስት ቀን፣ በቀን ስምንት ሰዓት የሚሠራ ቢሮ በዓመት 2,000 ሰዓት ገደማ ይጠቀማል፤ ስለዚህ ዲስኩ አምስት ዓመት ተኩል ይኖራል ተብሎ ይነበብ ነበር። ቁጥሩ የሚለው ሌላ ነው። ብዙ ዲስኮች ባንድ ጊዜ ሲሠሩ ከስንቱ ስንቱ እንደሚወድቅ ይገልጻል፤ በዚሁ ስሌት ከ100 ዲስኮች ወደ 17 ያህሉ በዓመት ውስጥ ይበላሻሉ። አምስት ዓመት ተኩል ማለት ያጽናናል፤ ከስድስት አንዱ ዘንድሮ ይወድቃል ማለት ያስደነግጣል። ቁጥሩ ግን አንድ ነው።

በ1990ዎቹ አጋማሽ መግለጫዎቹ ግማሽ ሚሊዮን ሰዓት ይሉ ጀመር፤ ኋላም ሚሊዮን አለፉ። በ2007 ሁለት ጥናቶች ይህን ፈተኑት። ቢያንካ ሽሮደርና ጋርዝ ጊብሰን፣ ያው የበርክሌዩ ጊብሰን፣ በመግለጫው መሠረት በዓመት ከ0.88 በመቶ መብለጥ ያልነበረበት የዲስክ መተካት በተግባር አብዛኛውን ጊዜ ከ1 በመቶ በላይ፣ በተለምዶ ከ2 እስከ 4 በመቶ፣ በአንዳንድ ቦታ እስከ 13 በመቶ እንደሚደርስ አሳዩ። የጉግል ተመራማሪዎች ደግሞ ከ100,000 በላይ ዲስኮችን መርምረው ሙቀት እንደሚታመነው ያህል ወሳኝ እንዳልሆነ ጻፉ። የአምራቾች መከራከሪያም ችላ የሚባል አይደለም፤ ተበላሸ ተብሎ ከሚመለሰው ዲስክ 43 በመቶው ሲፈተሽ ምንም ችግር እንዳልተገኘበት የገለጸ አምራች አለ። ደንበኛ የሚቆጥረው መተካትን ነው፣ አምራች የሚቆጥረው ብልሽትን። ሁለቱ ገና አልታረቁም። እነዚህ ጥናቶች ግን ወደ 1980ዎቹ ወደ ኋላ መልሰው መተርጎም የለባቸውም፤ የተመረመሩት ቦታቸውን እያነበቡ የሚያስተካክሉ ዲስኮች ናቸውና፣ ሙቀት ያን ያህል ወሳኝ አይደለም የሚለው ግኝት ስቴፐር ሞተር ላላቸው አይሠራም።

እስካሁን የሚያከራክሩት

ዋጋውም ገበያውም ለምን እንዲያ ተለወጠ የሚለው የምሁራን ክርክር ነው፤ እዚህ ባጭሩ ልለፈው። ክሌይተን ክርስተንሰን በ1997 መጽሐፋቸው ትንንሾቹ ዲስኮች መጀመሪያ በነባር ደንበኞች ተንቀው ኋላ ገበያውን እንደገለበጡት፣ ነባር አምራቾችም ደንበኛቸውን በመስማታቸው እንደወደቁ ተከራከሩ። ጂል ሌፖር በ2014 ይህን ሲነቅፉ ወደቀ የተባለው ሲጌት እንዳልወደቀ አስታወሱ። ሌሎች ጥናቶች ደግሞ ምክንያቱን በ1980ዎቹ መጀመሪያ ወደ ሲንጋፖር በሄደው ምርት ውስጥ ይፈልጋሉ። ለገዢው ጥያቄ ከሦስቱም የሚበልጥ ጉዳይ አለ፤ ዋጋን ያወረደው ፉክክር የሞዴሎችን ዕድሜ አሳጥሮ ስለ አስተማማኝነት ልምድ የሚጠራቀምበትን ጊዜም አብሮ ወስዷል።

ማሽኑን ሌሊቱን ሙሉ ክፍት መተው ይሻላል ወይስ ማጥፋት የሚለው ጠብም መልስ ሳያገኝ ዘመኑ አልፏል። ክፍት ተዉት የሚሉት ሙቀትና ቅዝቃዜ መፈራረቁ ስቴፐሩን ያሳስተዋል፣ በተጨማሪም በ1980ዎቹ መጨረሻ ሳህኖች እየለሰለሱ ሲመጡ ያረፈ ራስ ተጣብቆ ሞተሩ መነሣት ያቅተው ነበር ይላሉ። በእርግጥም እንዲህ የተጣበቀን ዲስክ ባለቤቶቹ ነቅለው በእጅ አንጓ ድንገት እያዞሩ ያስነሡት ነበር። አጥፉት የሚሉት የሚሽከረከር ኩሺኔታ የሰዓት ዕድሜ እንዳለው ያስታውሳሉ። ሁለቱም ስለተለያየ ብልሽት ነው የሚናገሩት፤ አንዱ ሲቀንስ ሌላው ይጨምራል፤ ሚዛኑ በየሞዴሉ ይለያያል።

ዛሬ ደግሞ አሮጌ ኮምፒውተር የሚሰበስቡ ሰዎች አዲስ ምስክርነት ጨምረዋል፤ ዛሬም የሚሠራ ኤስቲ-225 አግኝተናል፣ ስለዚህ የድሮ ዕቃ ጠንካራ ነበር ይላሉ። የተበላሹት ግን ከተጣሉ ቆይተዋል፤ የሚቆጥራቸው የለም። ክርክሩን ሊዘጋ የሚችለው አምራቾቹ በየሞዴሉ ስንት ዲስክ በዋስትና እንደተመለሰላቸው የሚያሳይ መዝገብ ነበር። መዝገቡን ሊይዙት ይችሉ የነበሩት፣ ያኔ ገዢዎች እርስ በርስ ሲያወዳድሯቸው የነበሩት ስሞች ግን አንድ በአንድ ተዋጡ፤ የኮንትሮል ዳታ ዲስክ ክፍል የነበረው ኢምፕሪምስ በ1989፣ ኮነር በ1996፣ ሚኒስክራይብንና የኳንተምን ዲስክ ክፍል አስቀድሞ የዋጠው ማክስቶር ደግሞ በ2006 ሁሉም ወደ ሲጌት ገቡ።